ወገናቸውን ያልረሱት ኦነሲሞስ ነሲብ



በወጣቶች የጸሎት ስብሰባችን ላይ የጸሎት ርእሶች አንድ በአንድ ይነበባሉ። ስለ ታመሙ ሰዎች፣ ስለ ተማሪዎች ፈተና፣ ሥራ ስላጡ ወንድሞችና እኅቶች ስንጸልይ ጊዜው ሳናውቀው ያልፋል። ተራው ስለ አገር የሆነ እንደሆነ ግን ድምፃችን ይቀንሳል። አንድ ሰው ሁለት ሦስት ቃል ተናግሮ አሜን ይላል፤ እኛም አሜን ብለን ወደሚቀጥለው እናልፋለን። ይህ የሚሆነው አገራችንን ስለምንጠላ አይደለም። አገር የሚለው ነገር ሰፊ ስለሆነብን ከየት እንደምንጀምር አናውቅም። ደግሞም እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ከወገኖቻችን መካከል ያሳዘኑንና የበደሉን አሉ። ላስቀየመን ሰው መጸለይ ደግሞ ለአንደበት ቀላል፣ ለልብ ግን ከባድ ነው።

ነቢዩ ዳንኤል በባዕድ አገር ሳለ ያደረገውን በትንቢቱ ምዕራፍ 9 ላይ እናገኛለን። ዳንኤል የኤርምያስን መጽሐፍ እያነበበ የኢየሩሳሌም ጥፋት የሚፈጸምበት ዘመን ሰባ ዓመት መሆኑን አስተዋለ። በዚያ ሰዓት በሕልም የጠራው የለም፤ መልአኩም የመጣው ኋላ ነው። ያነበበው ቃል ፊቱን ወደ እግዚአብሔር እንዲያዞር፣ እንዲጾም፣ ማቅም እንዲለብስ አደረገው። ሲጸልይም ራሱን ከሕዝቡ ለይቶ እነርሱ በደሉ አላለም፤ ከእነርሱ ጋር ተቆጥሮ የሁሉንም በደል ተናዘዘ። እንግዲህ እግዚአብሔር ሰውን ስለ ሕዝቡ እንዲማልድ የሚቀሰቅስበት አንዱ መንገድ በመጽሐፉ ነው።

የእኛም አገር እንዲህ ያለ ሰው አላጣችም። ከጅማ ተነሥቶ በበደሌ በኩል ወደ መቱ የሚሄድ መንገደኛ ሁሩሙ የምትባል ቦታን ያልፋል። ዛሬ ታሪኩን የማቀርብላችሁ ሰው በዚያ አካባቢ ተወለደ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከእናቱ የተነጠቀው ልጅ

ልጁ የተወለደው በ1856 ገደማ ነው። ስሙን ሂካ አሉት። ሂካ በኦሮሞ ቋንቋ ተርጓሚ ማለት ነው። ወላጆቹ ይህን ስም ሲያወጡለት ልጃቸው ምን እንደሚሆን ሊያውቁ አይችሉም ነበር። አባቱ ነሲብ ልጁ ገና አራት ዓመት ሲሆነው ሞተ፤ ሂካም በእናቱ እጅ አደገ።

በዚያ ዘመን የባሪያ ንግድ በአካባቢያችን የተስፋፋ ነበር። ከቡናና ከዝሆን ጥርስ፣ ከወርቅና ከዝባድ ጋር የሰው ልጅም ለገበያ ይቀርብ ነበር። የጅማ ሂርማታ ገበያ፣ የሊሙ እናርያው የሰቃ ገበያ፣ ሌሎችም ከእነዚህ የሚገናኙ ገበያዎች ይህን ክፉ ሥራ ያውቁታል። እኛ ዛሬ በመኪና የምንመላለስበትን ይህን አገር በዚያ ጊዜ እግራቸው የደማ ልጆች ተሻግረውታል። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ ሳይሆን፣ ስለ አገራችን ስንጸልይ የምንናዘዘው ነገር እንዳለን እንድናስታውስ ነው።

በ1869 ልጅ ፈንጋዮች ሂካን ከእናቱ ነጥቀው ወሰዱት። ያን ጊዜ ዕድሜው ዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል ነበር። ከአንዱ ነጋዴ ወደ ሌላው እየተሸጠ ከአገሩ ወደ ሰሜን ርቆ እስከ ቀይ ባሕር ዳር ወረደ። ወደ ምጽዋ ሲደርስ ቀጥሎ የሚጠብቀው ባሕሩን መሻገር ነበር፤ ባሕሩን የተሻገረ ደግሞ ወደ አገሩ አይመለስም። ነገር ግን በ1870 በምጽዋ ይኖር የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ወርነር ሙንዚንገር ነፃ አወጣው፤ ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮንም አደራ ሰጠው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንመልከት። ከስዊድን አገር የመጡት መልእክተኞች ምጽዋ የደረሱት በ1866፣ ማለትም ከአራት ዓመት በፊት ነበር። የመጡበትም ዓላማ ወደ ኦሮሞ ሕዝብ ለመድረስ ነው። ቀደም ሲል ከ1839 እስከ 1842 በሸዋ የኖረው ጀርመናዊው ክራፕፍ ስለዚህ ሕዝብ ብዙ ጽፎ ስለነበር በአውሮፓ የነበሩ ክርስቲያኖች ልባቸው ተነክቶ ነበር። መልእክተኞቹ ወደ ኦሮሞ አገር የሚወስደውን መንገድ እየፈለጉ አላገኙም። እነርሱ መሄድ ሳይችሉ ከዚያው አገር የተነጠቀ ልጅ በራቸው ድረስ መጣላቸው። የባሪያ ነጋዴዎች ለክፋት ያደረጉትን እግዚአብሔር ለመልካም ሲለውጠው እናያለን፤ የዮሴፍም ታሪክ በኦሪት ዘፍጥረት እንዲሁ ነው።

ጠቃሚ የሚል ስም

ሂካ በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ሲማር አእምሮው ብሩህ መሆኑ ታየ። በ1872 በፋሲካ ዕለት፣ መጋቢት ወር ላይ፣ ተጠመቀ። የክርስትና ስሙም ኦነሲሞስ ሆነ። ይህ ስም የተመረጠው ያለ ምክንያት አይመስልም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው አጭር መልእክት ውስጥ ኦነሲሞስ የሚባል ባሪያ አለ። የስሙ ትርጉም ጠቃሚ ማለት ነው። ጳውሎስ ያን ሰው ከእንግዲህ ወዲህ እንደ ተወደደ ወንድም እንጂ እንደ ባሪያ እንዳይቆጠር ለመነለት። የሁሩሙው ልጅም ከባርነት ወጥቶ ወንድም የሆነ ሰው ስለነበር ስሙን ከመጽሐፍ ወሰደ።

ከዚህ በኋላ ኦነሲሞስን በአክብሮት አንቱ እያልኩ ልቀጥል። በ1876 ወደ ስዊድን አገር ሄደው በዮሐኔሉንድ የወንጌል መልእክተኞች ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያም እስከ 1881 ድረስ አምስት ዓመት ተማሩ። በብርድ አገር፣ በሰው ቋንቋ፣ ከወገን ተለይተው መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር አጠኑ።

በዚያ ጊዜ ሁለት ነገር ማድረግ ይችሉ ነበር። አንደኛው በሰላም አገር መቅረት ነው። ሁለተኛው የሸጧቸውን ሰዎች እያሰቡ በልባቸው መራራነትን ማሳደግ ነው። ሁለቱንም አላደረጉም። ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ሐሳባቸው ሁሉ ከልጅነታቸው ወደ ተነጠቁበት አገር መመለስ ሆነ። ወንጌል ነፃ ካወጣቸው፣ እናታቸውንና ጎረቤቶቻቸውንም ነፃ ሊያወጣ እንደሚችል አመኑ። በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 9 መጀመሪያ ላይ ጳውሎስ ስለ ሥጋ ዘመዶቹ ያለውን የማያቋርጥ ሐዘን ይናገራል። የኦነሲሞስን ሕይወት ያየ ሰው ያ ምዕራፍ በአንድ ኢትዮጵያዊ ላይ ሥጋ ለብሶ እንዳየ ይቆጥረዋል።

ሁለት ጊዜ የተዘጋ መንገድ

ኦነሲሞስ ከስዊድን ተመልሰው ምሕረት ኃይሉን አገቡ። ወዲያውም ወደ አገራቸው ለመግባት ከመልእክተኞቹ ጋር ጉዞ ጀመሩ። በደጋው በኩል መግባት ለሚሲዮን ሰዎች የተከለከለ ስለነበር በሱዳን በኩል ዞረው ወደ ወለጋ ለመድረስ አሰቡ። ከካርቱም አልፈው በአሶሳ አቅጣጫ በድንበር ላይ እስካለችው ፋማካ ድረስ ተጓዙ። ከዚያ በላይ ግን መሄድ አልተቻለም። ኦነሲሞስ በንዳድ ታመው በሚያዝያ ወር 1882 ወደ ካርቱም ተመለሱ። አገራቸው አጠገብ ደርሰው ሳይረግጧት ቀሩ።

ሁለተኛው ሙከራ በሸዋ በኩል ነበር። በ1886 እንጦጦ ደረሱ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በመልካም ሁኔታ ተቀበሏቸው፤ ነገር ግን ወደ ፊት እንዲያልፉ አልፈቀዱም። ስለዚህ ሁለተኛ ጊዜ ወደ ባሕሩ ዳር ወደ እምኩሉ ተመለሱ።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ይህን ነገር በልባችሁ አስቡት። አንድ ሰው ልቡ በእግዚአብሔር ቃል ተቀስቅሶ ስለ ወገኑ ያስባል፤ ስለ ወገኑ ይለምናል፤ ለመሄድም ይነሣል። መንገዱ ግን አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ይዘጋል። እኛ ብንሆን ምን እንላለን? ምናልባት ቀድሞውኑ የተሰማኝ የእግዚአብሔር ድምፅ አልነበረም እንላለን። ወይም ለሁለት ወር ጸልየን መልስ ሳናይ ስንቀር ስለ አገር የሚደረገውን ጸሎት እንተዋለን። ጳውሎስም እኮ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ላይ ወደ እስያና ወደ ቢታንያ ሊሄድ ሲል ተከልክሏል፤ የመቄዶንያው ጥሪ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። የተዘጋ በር ሁሉ እንቢታ አይደለም።

ተርጓሚ ዘሎ አያልፍም

ኦነሲሞስ ወደ ሕዝባቸው መድረስ ቢከለከሉ የእግዚአብሔር ቃል ቀድሟቸው እንዲደርስ ሥራ ጀመሩ። በእምኩሉ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮሞ ቋንቋ መተርጎም ያዙ። ሂካ የሚለው የልጅነት ስማቸው በዚህ ተፈጸመ። ከመጽሐፍ ቅዱሱም በፊት በዚያው ቋንቋ የመዝሙር መጽሐፍ አዘጋጁ። መዝሙር ደግሞ ጸሎት ነው። እንግዲህ ገና ዓይናቸውን ላላዩት ጉባኤ የሚጸልይበትን ቃል አስቀድመው አዘጋጁለት ማለት ነው።

አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ። ከዚያም ብሉይ ኪዳንን ጨርሰው መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊዘርላንድ አገር በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። ፊደሉ እኛ የምናውቀው የግዕዝ ፊደል ነበር።

ስለ ትርጉም ሥራ አንድ ነገር እናስተውል። እኛ መጽሐፍ ቅዱስን ስናነብ የከበደንን ቦታ ዘለን ማለፍ እንችላለን። ልባችንን የሚወቅሰውን ምዕራፍ ቶሎ ገልጠን ደስ ወደሚለን መዝሙር እንሄዳለን። ተርጓሚ ግን ዘሎ አያልፍም። እያንዳንዱን ቃል በእጁ ይዞ፣ በወገኑ አፍ ይህ እንዴት ይባላል ብሎ ሊጠይቅ ግድ ነው። ኦነሲሞስ የዮሴፍን ታሪክ ሲተረጉሙ ወንድሞች ወንድማቸውን የሚሸጡበትን ቃል በእናታቸው ቋንቋ መጻፍ ነበረባቸው። ዮሴፍም ወንድሞቹን አቅፎ የሚያለቅስበትን ቃል እንዲሁ። ነህምያ የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ሰምቶ ተቀምጦ ያለቀሰበትን፣ የጾመበትንና የጸለየበትን ምዕራፍ በኦሮሞ ቋንቋ ጻፉት። ዳንኤል የሕዝቡን በደል እንደ ራሱ በደል አድርጎ የተናዘዘበትንም ጻፉት። ኤርምያስ በባቢሎን ለሚኖሩ ምርኮኞች በላከው ደብዳቤ፣ በምዕራፍ 29፣ ለተማረኩባት ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ ያዘዘበትን ቃል በእጃቸው የጻፉት እኒህ ራሳቸው ምርኮኛ የነበሩ ሰው ናቸው። ጠላትን መውደድና ለሚያሳድዱ መጸለይ የሚለውን የጌታን ትእዛዝም በእናታቸው አፍ እንዲናገር አደረጉት።

እንግዲህ አንድ ሰው ዓመታት ሙሉ ይህን ቃል ቀን በቀን በእጁ ሲይዝ ቃሉ ወደ ሕዝቡ ሳይመራው ይቀራልን? መጽሐፉ ጸሎትን ይቀሰቅሳል፤ ጸሎቱም ተመልሶ ወደ ሥራ ያደርሳል። የኦነሲሞስን ጸሎት ማየት የሚወድ ሰው ያንን ትልቅ መጽሐፍ ይመልከት። የተዘጋው መንገድ ባይኖር ኖሮ ያ መጽሐፍ በዚያ ጊዜ ባልተጻፈ ነበር።

ከሊሙ የመጣችው እኅት

ኦነሲሞስ በትርጉሙ ሥራ ላይ አንድ ችግር ገጠማቸው። ከአገራቸው የወጡት በልጅነታቸው ስለነበር የቋንቋቸው ዕውቀት ለዚህ ትልቅ ሥራ አልበቃቸውም። ይህንንም ሳያፍሩ አመኑ። እግዚአብሔርም ረዳት ሰጣቸው።

ይህች ረዳት አስቴር ጋኖ ትባላለች። ለእኛ ለጅማ አካባቢ ወጣቶች ታሪኳ ቅርባችን ነው፤ ምክንያቱም ዛሬ በቡናው በሚታወቀው በሊሙ፣ በዚያ ዘመን ሊሙ እናርያ በሚባለው መንግሥት፣ በባርነት ተይዛ የነበረች ናት። በ1886 ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ በጀልባ ስትወሰድ የኢጣልያ መርከቦች ጀልባዋን ይዘው ነፃ አወጧት፤ በእምኩሉም ትምህርት ቤት ገባች። አስቴር የሕዝቧን ቋንቋ ጠንቅቃ ታውቅ ነበር። ለመዝገበ ቃላት 15,000 ያህል ቃላት ሰበሰበች። ወደ 500 የሚሆኑ ተረቶች፣ ምሳሌዎች፣ እንቆቅልሾችና ዘፈኖችም ከትዝታዋ ጻፈች። ከእነዚህም ከፊሉ ከኦነሲሞስ ጋር ባዘጋጀችው የንባብ መጽሐፍ ውስጥ በ1894 ታተመ።

ሁለት የተሸጡ ሰዎች በአንድ ገበታ ተቀምጠው ለሸጣቸው አገር የእግዚአብሔርን ቃል አዘጋጁ። ከዚህ የበለጠ ስለ ወገን የሚደረግ ምልጃ ምን አለ? በመካከላችን ያላችሁ እኅቶችም ይህን አስተውሉ። ወንጌል በአፋን ኦሮሞ ሲነበብ በጀርባው የአንዲት የሊሙ ባሪያ የነበረች ሴት ልፋት አለበት።

ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ

በመጨረሻ መንገዱ ተከፈተ። በ1904 ኦነሲሞስ ወደ ወለጋ ገብተው ነቀምቴ ደረሱ። የአገሩ ገዢ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ቀድሞ ኩምሳ ሞረዳ ይባሉ የነበሩት፣ በክብር ተቀበሏቸው። ከእናታቸው ከተነጠቁ ሠላሳ አምስት ዓመት ሆኖ ነበር። ልጅ ሆነው በገመድ የወጡት ሰው ጎልማሳ ሆነው መጽሐፍ ይዘው ተመለሱ።

በነቀምቴ በሕዝቡ ቋንቋ ሰበኩ፤ ትምህርት ቤትም ከፈቱ። ሰው በገዛ አፉ የእግዚአብሔርን ቃል ሲሰማ መሰብሰብ ጀመረ። ይሁን እንጂ መከራው አላለቀም። ቋንቋውን የማያውቁ የአካባቢው ካህናት ምን እንደሚያስተምሩ ስላልተረዱ ተጠራጠሩ፤ ስድብ ተናግረዋል የሚል ክስም ቀረበባቸው። በ1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ እንዲጋዙም ተፈረደባቸው። ዐፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱ። ነገር ግን እንዳይሰብኩ ታዘዙ።

ሠላሳ አምስት ዓመት ጠብቀው የደረሱበት አገር ላይ አፍህን ዝጋ መባል ምን ያህል ያማል! ሆኖም ኦነሲሞስ ነቀምቴን ጥለው አልሄዱም። ለዐሥር ዓመታት፣ ዛሬ እጋዛለሁ ነገ እጋዛለሁ በሚል ሥጋት ውስጥ፣ ልጆችን ፊደል እያስቆጠሩ በትዕግሥት ተቀመጡ። ከሳሾቻቸውን በክፋት ለመበቀል አልተነሡም፤ በመንግሥትም ላይ አላመፁ። ፊደል የቆጠረ ልጅ ደግሞ የታተመውን መጽሐፍ ማንበብ ይችላል፤ አስተማሪው ዝም ቢል መጽሐፉ ይናገራል።

በ1916 ልጅ ኢያሱ እንዲሰብኩ ፈቃድ ሰጡ። ብዙም ሳይቆይ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ፤ ፈቃዱ ግን አልተሻረም። ኦነሲሞስም ከዚያ በኋላ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል መጽሐፍ እያደሉና እየሰበኩ ኖሩ። ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ በአውሮፓውያን 1931 መሆኑ ነው፣ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ዕለቱም እሑድ ነበር።

እርሳቸው የዘሩት ዘር ከእርሳቸው በኋላ በቀለ። በ1959 ብሔራዊ ቤተ ክርስቲያን ሆና የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ከአባቶቿ አንዱ አድርጋ ትቆጥራቸዋለች፤ ዛሬ ምእመናንዋ በሚሊዮን ይቆጠራሉ። የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም ዛሬ በቁቤ ታትሞ በየቤቱ ይገኛል።

እንግዲህ እኛስ?

ከዚህ ታሪክ ለእኛ ለወጣቶች የሚሆን ምን እንወስዳለን?

አንደኛ፣ ስለ አገር የሚደረግ ጸሎት ከመጽሐፍ መነሣት አለበት። ከወሬ ብቻ የተነሣ ጸሎት እንደ ወሬው ይለዋወጣል። ዛሬ የሰማነው ሲያስቆጣን የቁጣ ጸሎት እንጸልያለን፤ ነገ ሲያስፈራን የፍርሃት። ዳንኤል ግን መጽሐፍ አንብቦ ጸለየ። ነህምያ ምዕራፍ 1ን፣ ዳንኤል ምዕራፍ 9ን፣ ኤርምያስ ምዕራፍ 29ን፣ ለጢሞቴዎስ የተጻፈውን የመጀመሪያውን መልእክት ምዕራፍ 2ን በስብሰባችን ላይ አንብበን፣ ያነበብነውን ይዘን እንንበርከክ። ያን ጊዜ ከየት እንደምንጀምር አይጠፋንም።

ሁለተኛ፣ ወገን ማለት የወደደን ብቻ አይደለም። ኦነሲሞስን የሸጧቸው የገዛ አገራቸው ሰዎች ነበሩ፤ ኋላም የከሰሷቸው እንዲሁ። እኛ ስለ አገራችን ስንጸልይ በልባችን አንዱን ብሔር ጨምረን ሌላውን የምናስቀር፣ አንዱን ሰፈር አስበን ሌላውን የምንረሳ ከሆነ ጸሎታችን ስለ አገር ሳይሆን ስለ ራሳችን ነው። እኔም ይህን ስጽፍ ስሙን ጠርቼ ልጸልይለት ያልቻልኩት ሰው እንዳለ ልቤ ወቅሶኛል። ሰርቦ ላይ ከተለያየ ብሔር የመጣ ሰው በአንድ ገበያ ይገበያያል። ብዙዎቹ ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ናቸው፤ በኀዘን በደስታ አንለያይም። በስም እየጠራን፣ ለቤታቸው ሰላም፣ ለልጆቻቸው ጤና፣ ለቡናቸው በረከት እንለምን። ሰፊ የሆነብን አገር የሚጀምረው ከደጃፋችን ነው።

ሦስተኛ፣ የጸሎት መልስ ሲዘገይ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። መንገዱ ሲዘጋባቸው ኦነሲሞስ ብዕር አነሡ። መስበክ ሲከለከሉ ፊደል አስቆጠሩ። በእጃችን ምን አለ? ማንበብ የማይችል ጎረቤት የለንምን? ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ የለንምን? የተጣሉ ቤተ ሰቦች በመንደራችን የሉምን? ስለ አገር ሰላም ጸልየን ስንወጣ ሁለት የተጣሉ ሰዎችን ለማስታረቅ የማንሞክር ከሆነ ጸሎታችን ግማሽ ነው።

አራተኛ፣ በደላችንን እንናዘዝ። በዚህ መንገድ ሰው እንደ ዕቃ ተሸጦ አልፏል። ዛሬም ቢሆን የደካማውን ጉልበት በርካሽ የሚወስድ፣ የገጠር ልጅ አስመጥቶ ደመወዝ የሚከለክል፣ ሰውን በዘሩ የሚንቅ አለ። ዳንኤል እንዳደረገው እነርሱ ሳይሆን እኛ በድለናል ብለን ስንቀርብ እግዚአብሔር ይሰማል።

ውድ ወጣቶች፤ ሂካ ከእናቱ በተነጠቀበት ቀን ያን ልጅ ያየ ሰው ሁሉ ነገር አለቀ ሳይል አይቀርም። እግዚአብሔር ግን አልጨረሰም ነበር። ዛሬም ስለ አገራችን ስናስብ ነገር ያለቀ የሚመስለን ቀን አለ። በዚያ ቀን መጽሐፋችንን እንክፈት፤ ያነበብነውን ለራሳችን ብቻ አናድርገው፤ ስለ ወገናችን ወደ ጸሎት እንለውጠው። በሚቀጥለው የጸሎት ስብሰባችን ስለ አገር የሚለው ርእስ ሲነበብ፣ ቶሎ አሜን ብለን አናልፍ።

የኦነሲሞስ አምላክ፣ የአስቴርም አምላክ፣ ስለ ወገናችን የሚያነባ ልብና የሚሠራ እጅ ይስጠን። አገራችንንም በሰላም ይጠብቅልን። አሜን።